እጅን ኪስ ውስጥ ከትቶ ማየት

«እትዬ መስታወት» እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። በሽርጧ የደረት ኪስ ውስጥ ሳንቲም የምታክል፣ ረጅም እጀታ ያላት ክብ መስታወት አለች፤ የጥርስ ሐኪም አፍ ውስጥ አስገብቶ የመንጋጋን ጀርባ የሚያይባት ዓይነት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች ዕለት ይቺን መስታወት፣ አንዲት ትንሽ የአልኮል ኩራዝና በእግር የሚረገጥ አሮጌ መሰርሰሪያ ይዛ ወጣች። የቀረውን «ለተተኪው ይሁን» ብላ ተወችው።

ያኔ ጥርስ የምታይባት መስታወት ዛሬ ቅጠል ታይባታለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ የጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፤ በመስኮቱ ደፍም ላይ ኦርኪዶች ተደርድረዋል። የራሷ አራት ናቸው። የተቀሩት የሰው ናቸው፣ ታመው የመጡ፤ አንዳንዶቹ ድነው ባለቤት የረሳቸው።

ኦርኪድን ያሳደገ ሰው ጠባዩን ያውቃል። ላላሳደገ ግን ነገሩ ተረት ይመስላል። በተፈጠረበት ጫካ ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ከተሸከመው ዛፍ ግን አንዲት ጉርሻ አይወስድም። አፈር አይፈልግም። ሥሩን አየር ላይ ዘርግቶ ጉም ይጠጣል። ሥሩ ሲጠማው ብር ይመስላል፤ ውኃ የነካው እንደሆነ ዓይን እያየ፣ ሰው «እህ» ብሎ ሳይጨርስ፣ አረንጓዴ ይሆናል። እትዬ መስታወት ይህን ሺህ ጊዜ አይታለች። ሺህ ጊዜም ትንፋሿን ይዛለች።

ሰው የታመመ ኦርኪድ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምታደርገው የሻይ ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ መጣድ ነው። ከዚያ ተክሉን መስኮቱ አጠገብ ታስቀምጥና ሁለት እጆቿን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ትቆማለች። ውኃው እስኪፈላ አትነካውም፤ ባለቤቱንም አታስነካም። «ዓይን ሳይጠግብ እጅ ከቀደመ ያበላሻል» ትላለች።

ምድር ቤት ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ዕለት ይህን ሥርዓት አያውቅም ነበር። ሜትሩን ካንገቱ ሳያወርድ፣ አንድ ኦርኪድ በጉያው አቅፎ ገባ።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ መልኳ ጠፋብኝ።»

«አስቀምጣትና ቁጭ በል። እጅህን ሰብስብ።»

«አፌንስ ልክፈት?»

«እሱን ብትዘጋው ነው የሚሻለው» አለችና እጇን ኪሷ ከታ ማየት ጀመረች።

ቅጠሉ ደብዝዟል። ላዩ ላይ እንደ ማር የሚያጣብቅ ነገር አለ። ቅጠልና ግንዱ በሚገናኙበት እጥፋት ደግሞ ነጭ ነጭ ነገር ተቀምጧል። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ እጇን አወጣች።

«ይሄ ነጩ ምንድነው?»

«እሱማ ጥጥ ነው» አለ ልብስ ሰፊው በኩራት። «ከገበር የሚበን ነው። ሱቄ ውስጥ የማይበን ነገር የለም። በየጠዋቱ በልብስ ብሩሼ እጠርግላታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ወር ይሆናል።»

«ሌሎች አሉህ?»

«አምስት እህቶች አሏት። ሁሉንም በዚያው ብሩሽ ነው የማጸዳቸው፤ አድልዎ አላውቅም።»

 እትዬ መስታወት መስታወቷን ከቅጠሉ ሥር አስገብታ «ና፣ እይ» አለችው። ጎንበስ አለ። እጥፋቱ ውስጥ ካለው ጥጥ አንዱ ብድግ ብሎ ቀስ እያለ ሄደና ሌላው ጥጥ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጥጥህ እግር አለው» አለችው።

ልብስ ሰፊው ለረጅም ጊዜ መስታወቷ ውስጥ አየ። ሱፍ ካፖርት ለብሰው የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥጡ ጥቃቅን ተባዮች ነበሩ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኗል።

«ሦስት ወር ሙሉ በብሩሽ ሳጓጉዛቸው ነበር በሉኛ።»

«ያውም በነፃ።»

አልኮል በውኃ አቅጥና በጆሮ መጥረጊያ ጫፍ አንድ በአንድ እየነካች አሳየችው፤ ነጩ ሱፍ ወዲያው ቀልጦ ከውስጡ ቡናማ ገላ ይወጣል። ከዚያ ቅጠሉን በሳሙና ውኃ፣ ላዩንም ታቹንም አጠበችው። «ይህን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአራት ሳምንት ታደርጋለህ። ያየኸው ዛሬ ይሞታል፤ ያላየኸው እንቁላል ግን ለሳምንት ቀጠሮ ይዟል።»

«ብሩሹስ?»

«ብሩሹን ቅበረው።»

ሊወጣ ሲል ዓይኑ ለብቻው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ኦርኪድ ላይ አረፈ። ቅጠሎቹ የሰው ክንድ ያህላሉ። «ይሄኛውስ ምን ሆኖ ነው የመጣው?» አለ።

«እሷ ታማሚ አይደለችም» አለች እትዬ መስታወት፤ ድምጿ ዝቅ አለ። «እሷ የጋሼ ናት።»

ጋሼ ሙያውን ያስተማሯት ሰው ናቸው። በሃያ ስድስት ዓመቷ ከጥርስ ክሊኒኩ ጀርባ ወዳለችው፣ ሰምና ጀሶ ወደምትሸተው ጠባብ ክፍል ስትገባ፣ ሙያዋን ለማሳየት ቸኩላ ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን የጀሶ መንጋጋ ብድግ አድርጋ መሞረድ ጀመረች። ጋሼ አልተቆጡም። «ልጄ፣ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» ነው ያሏት። «ሻይ እስኪፈላ ዝም ብለሽ እዪው። ተቸኩሎ የተሠራ ጥርስ አፍ ውስጥ ገብቶ ባለቤቱን ይነክሳል።» ያን ቀን ሻዩ እስኪፈላ የጀሶው መንጋጋ ለዓይኗ ተለወጠ። ሰውየው በየትኛው ጎን እንደሚያኝክ፣ የቱን ጥርሱን እያመመው ስንት ዓመት እንደታገሠ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፎ ነበር።

ኦርኪዷ የዚያች ክፍል መስኮት ላይ ነበረች። ሰባት ዓመት አፏን በእጇ ሸፍና የኖረች አንዲት ሴት ጋሼ ጥርስ ከሠሩላት በኋላ ያመጣቻት ስጦታ ናት። ጋሼ ጡረታ ወጥተው ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ተክሏን ለእትዬ መስታወት ሰጧት። «እኔ ጋ ብርሃን አላት፤ የሚያያት ግን የለም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ አበባዋ ሲፈነዳ፣ እትዬ መስታወት ተክሏን በወረቀት ጠቅልላ ሦስት መንገድ ተሻግራ ጋሼ ዘንድ ትወስዳታለች። እሳቸውም እንደ ቢራቢሮ የተዘረጉትን ነጫጭ አበቦች በጣታቸው ጫፍ፣ አንዱንም ሳያወዛውዙ ይቆጥራሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሰባት ነበሩ። ባለፈው ዓመት አሥራ ዘጠኝ። ልጃቸው አንድ ጊዜ እትዬ መስታወትን በር ድረስ ስትሸኛት «አባዬ ዓመቱን የሚቆጥረው በአበባው ነው» ብላታለች። ሰውየው ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው።

ወደ ልብስ ሰፊው እንመለስ። ስድስቱም ተክሎቹ በአምስተኛው ሳምንት ንጹሕ ሆኑ። እሱም ለውለታው አንድ የሚያብረቀርቅ፣ ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የሸክላ ማሰሮ ገዝቶ መጣ።

«ለጋሼ ኦርኪድ ነው» አለ። «የዚህ ቤት እመቤት እሷ ናት፤ እመቤት በላስቲክ ዕቃ አትቀመጥም።»

እትዬ መስታወት ኦርኪዷን ከነላስቲክ ዕቃዋ ሰማያዊው ማሰሮ ውስጥ አስገባቻት። ልክክ አለች። ሁለቱም ራቅ ብለው አዩና «አማረባት» አሉ።

በሁለተኛው ወር የአበባው አገዳ ወጣ። እንቡጦቹ እንደ ዶቃ ተደረደሩ። እትዬ መስታወት በየጠዋቱ እየቆጠረች በዚህ ዓመት ጋሼ የሚሉትን ታስብ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ የታችኛው ቅጠል ሸብሸብ ብሎ አገኘችው። በሳምንቱ ሁለተኛው። ከዚያ ሁሉም እንደ ባዶ ጓንት ተልፈሰፈሱ።

በዚያ ቀን ማንቆርቆሪያ አልጣደችም። እጇንም ኪሷ አልከተተችም። ለሰው ተክል የምታደርገውን ለራሷ አላደረገችም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ። ገና ሳታይ ነገሩን ጨርሳው ነበር፤ የልብስ ሰፊው ጥጥ ነው። መስታወቷን ይዛ እጥፋቱን ሁሉ ፈተሸች፤ ምንም የለም። «ተደብቀዋል» አለች። በአልኮል ጠረገች፣ በሳሙና አጠበች። ቅጠሉ ባሰበት። «ጠምቷታል» አለችና ውኃ ጨመረች። ሲብስ ደግሞ ጨመረች። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው ይህ ነው።

ደረጃው ላይ ልብስ ሰፊውን አገኘችው።

«ብሩሹን ቀብረኸዋል?»

«እትዬ፣ ሬሳውን ላውጣልዎት?» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «የጋሼ ኦርኪድ ታማለች።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። «እና የመረዝኳት እኔ ነኝ?»

አይደለህም ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ጠቀለለው። «የእኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው» አለና ወርዶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በሱቁ በኩል ስታልፍ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ መስሎ ያቀረቅራል።

በዚያው ሳምንት የጋሼ ልጅ ስልክ ደወለች። «እትዬ፣ ዘንድሮ ቆየች አይደል? ለማጣደፍ አይደለም። አባዬ በየጠዋቱ ‹ደረሰች?› እያለኝ ነው።»

እትዬ መስታወት ስልኩን ዘግታ ተክሏን አየች። እስክትሞት እቤቷ ደብቃ ማስቀመጥ፣ ወይም ይዛ ሄዳ እውነቱን መናገር ነበር ያላት ምርጫ። ወረቀቱን፣ የአልኮል ኩራዙንና ምላጩን አመጣች።

ጋሼ መስኮት አጠገብ ባለው ወንበራቸው ተቀምጠዋል። በር ላይ እንደቆመች «ዛሬ እርምጃሽ ከብዷል» አሉ።

«ጋሼ፣ አበባ አይደለም ይዤ የመጣሁት። ታማብኛለች። ምን እንደሆነች አላውቅም።»

«ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪያት።» ልጃቸውን ጠርተው ሻይ እንድትጥድ ነገሯት። ከዚያ ተነሥተው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ፤ ሁለት እጆቻቸውንም የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

እትዬ መስታወት ደርቃ ቀረች። ብርሃን ከጠፋባቸው ዘጠኝ ዓመት ያለፋቸው ሰው እጃቸውን ሰብስበው፣ ፊታቸውን ወደ ተክሏ አዙረው፣ ያያሉ።   ከኩሽና የውኃው ማጉረምረም ተሰማ፣ ከዚያ ማፏጨቱ።

ያኔ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ይህን ሽታ አታውቂውም?» አሉ። እሷም አሸተተች። ታውቀዋለች። ክሊኒኩ ውስጥ ስንት ዘመን አሽትታዋለች፤ ከላይ ደህና የሚመስል፣ ሥሩ የሞተ ጥርስ ሽታ ነው።

ጋሼ ማሰሮውን በሁለት እጃቸው አነሡት። «ኦርኪድ እንደ ወፍ ነው፤ ስታነሺው መቅለል አለበት። ይቺ ድንጋይ ሆናለች።» በመዳፋቸው የለስላሳውን ሸክላ ዙሪያ፣ ከዚያ ታቹን ዳሰሱ። «ይሄ ልብስ ከየት መጣ? ከታቹ ቀዳዳ የለውም።»

እትዬ መስታወት የላስቲክ ዕቃውን ከሰማያዊው ማሰሮ መዝዛ አወጣችው። ማሰሮው ውስጥ ሦስት ጣት የሚሞላ የጠቆረ ውኃ ተኝቶ ነበር። በየቅጠሉ ሥር መስታወት ስታስገባ የኖረች ሴት፣ ማሰሮው ስላማረ ብቻ አንድ ቀን እንኳ አንሥታ ከሥሩ አላየችም።

«ቅጠሏ ሲሸበሸብ ጠምቷታል ብዬ…» አለች።

«ጠምቷታል እኮ። ውኃ ውስጥ ቆማ ነው የጠማት። የምትጠጣበት ሥር ከሞተ ባሕር ቢሰጧትስ?»

እትዬ መስታወት የአልኮል ኩራዙን ለኮሰች። ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው በሽታ እንዳይሻገር ምላጩን በእያንዳንዱ ቆረጣ መካከል በእሳት ታሳልፈዋለች። ጋሼ ሥሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ይስባሉ። «ይቺ ባዶ ናት፣ ቁረጪ። ይቺም። ይቺ… ቆይ። ይቺ አለች።» እትዬ መስታወት የተቆረጠውን እያነሣች ታየዋለች፤ ውስጡ ቡናማ፣ ባዶ ገለባ ነው። አለች ያሏት ስትታይ ጠንካራና ነጭ ናት። ከሃያ በላይ ሥር ዳስሰው አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳቱም። እሷ ዓይኗን ማመን እያቃታት ሄደ፤ ጣታቸውን ግን አመነች። መጨረሻ ላይ ሦስት ሥር ቀረ።

«አገዳ አውጥታለች?» አሉ ጋሼ።

 ጣታቸው ወደ ላይ ወጥቶ አገዳውን አገኘው። ያልፈነዱትን እንቡጦች ከታች ወደ ላይ ቆጠሩ። «ሃያ ሁለት» አሉ። ይህን ያህል ይዛ አታውቅም። ከዚያ «ቁረጪው» አሏት።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳ…»

«ዘንድሮ ምን? ሳልቆጥር እንዳልሞት ነው?» ፈገግ አሉ። «ሦስት ጥርስ ለቀረው ሰው ጥብስ ታቀርቢያለሽ? ሾርባ ነው እንጂ የሚሰጠው። ሦስት ሥር ሃያ ሁለት አበባ አይሸከምም።»

ምላጩን በእሳት አሳለፈችው፤ አገዳው ጋ አድርሳ ግን መለሰችው። ጋሼ መዳፋቸውን ዘረጉላት። ምላጩን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው የአገዳውን ታች ፈልገው ካገኙ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ልጃቸው ከኩሽና የተፈጨ ቀረፋ አመጣችና ቁስሎቹ እንዲደርቁ ነሰነሱበት። ተክሏን በደረቀ የዛፍ ቅርፊት ላስቲክ ዕቃው ውስጥ አቆሟት። የተቆረጠውን አገዳ ጋሼ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አደረጉት። በኋላ ከሃያ ሁለቱ ሁለቱ ፈነዱ፤ የቀሩት ጠረጴዛው ላይ ረገፉ።

«እዚሁ ትቆይ» አሉ ጋሼ። «አንቺ ዓይን አለሽ፣ ትቸኩያለሽ።»

እትዬ መስታወት ባዶውን ማሰሮ ይዛ ስትመለስ ወደ ቤቷ አልወጣችም። ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባች።

«ጥጥህ አልነበረም» አለችው። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆኖብኝ ነው እንጂ እኔው በውኃ ደፍቄያት ነው።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን አስቀመጠ። «ትተርፋለች?»

«ሦስት ሥር ቀርቷታል።» ማሰሮውን ገልብጣ አሳየችው። «ውኃው መውጫ አጣ።»

ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ባለ ሱቁ ቀዳዳ ያለውንም አሳይቶኝ ነበር። እኔ የተቀደደ ደፍኜ የምኖር ሰው ነኝ፤ የተበሳ ዕቃ እንዴት አድርጌ በስጦታ እሰጣለሁ ብዬ መለስኩት።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ አሮጌውን መሰርሰሪያ ከፎቅ አውርደው ሱቁ መሐል ተከሉት። ፔዳሉን ልብስ ሰፊው ረገጠ፤ ዕድሜውን ሁሉ የስፌት መኪና የረገጠ እግር ስለሆነ የመሰርሰሪያው መርፌ ሳትንቀጠቀጥ ዞረች። እትዬ መስታወት ሸክላው እንዳይሰነጠቅ ውኃ እያንጠባጠበች፣ እንደ ጥርስ እየተጠነቀቀች፣ ሦስት ቀዳዳ አወጣች።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። በየሳምንቱ ጋሼ ዘንድ ትሄዳለች፣ እጇን ኪሷ ከታ ትቆማለች፣ ሻይ ይፈላል፣ መስታወቷን ታስገባለች። ምንም የለም። አንድ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደቀ። ሌላ ተከተለ። በአሥረኛው ሳምንት ሁለት ቅጠል ብቻ ነበራት፤ እትዬ መስታወት ለጋሼ አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቋትም፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ ፀሐይ ገና ወለሉ ላይ ሳትደርስ፣ ስልኩ ጮኸ። የጋሼ ልጅ ናት። «አባዬ ነዪ ይላል። ለምን ብለው ‹ለእሷ ነው የምነግረው› አለኝ።»

እትዬ መስታወት ሽርጧን ሳታወልቅ ወጣች። ሦስቱን መንገዶች እንዴት እንደተሻገረቻቸው አታስታውስም። ስትገባ ጋሼ ጠረጴዛው ፊት ቆመዋል።

«እጅሽ የት ነው?» አሏት።

«ኪሴ ውስጥ።»

«አውጪው።»

ጣቷን ይዘው ወደ ተክሏ ወሰዱት። ከታችኛው ቅጠል ሥር፣ ከግንዱ ጋር በተጠጋው ጨለማ እጥፋት ውስጥ፣ የጣቷን ጫፍ አሳረፉት። የስንዴ ቅንጣት የምታክል፣ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ ነገር ነካች። ትንፋሿን ያዘች። በሌላው እጇ መስታወቷን አወጣችና አስገባች። እዚያ ከግንዱ ቆዳ ቀድዳ የወጣች፣ ጫፏ ቀላ ያለች አረንጓዴ ሥር አየች፤ ከምን እንደተነሣች የማትታወቅ፣ ትናንት ያልነበረች ሕይወት።

«ምን ጊዜ አገኟት?» አለች በሹክሹክታ።

«ትናንት ማታ አልነበረችም። ዛሬ ጠዋት ስዳስስ አለች።» ፊታቸው አበባ ሲቆጥሩ እንደሚሆነው ሆኖ ነበር። «አንድ» አሉ፣ አሥራ ዘጠኝ አበባ እንደቆጠሩበት ዓመት በዝግታ። ከዚያ እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።